ዶሮዋ ካልተነሳች ፔጆዋ አትወጣም

እኔ ልናገር፣ እናንተ ተቀበሉ።

ሐረር ውስጥ ጋሽ ቢተው የሚባሉ ባለታክሲ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ነድተው ሥራ ሲያቆሙ ሰማያዊ ፔጆአቸውም አብራቸው ቆመች። ሞተሯ ደህና ነው፣ ጎማዋ ደህና ነው፤ የሚፈልጋት ግን ጠፋ። ልጃቸው «ለቆራሌው እንስጣትና ግቢው ይስፋ» ባለች ቁጥር ጋሽ ቢተው ወሬ ይቀይራሉ። የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ፔጆአቸውን አንድ ቀን መንገድ ላይ ማየት።

ማክሰኞ ጧት ህሊና የምትባል የፊልም አዘጋጅ መጣች።

«ጋሼ፣ ሐሙስ የድሮ ዘመን ታሪክ እንቀርጻለን። ፔጆዎን ለአንድ ቀን ያውሱኝ።»

«ውሰጃት፤ የምነዳት ግን እኔ ነኝ» አሉና የኋላውን በር ከፈቱ። ወንበሩ ላይ ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። እጃቸውን ቢሰዱ በምንቃሯ ወጋቻቸው።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ነፊሳ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ቢተው፤ ሳላስፈቅድዎ። ቆጤን ምስጥ በላው፤ ሸለምጥማጥ ገብቶ ስምንት ጫጩት ፈጀብኝ። የእርስዎ መኪና በሯ ይዘጋል። ደህና ቆጥ ካልተሠራላት አላስነሳትም።»

እንግዲህ ቆጡ ካልተሠራ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ፔጆዋ አትወጣም፤ ፔጆዋ ካልወጣች ፊልም የለም።

ጋሽ ቢተው ባርኔጣቸውን አድርገው አናጢው ኢብሳ ዘንድ ሄዱ።

«ለእርስዎማ ዛሬውኑ በሠራሁ» አለ ኢብሳ። «ግን መጥረቢያዬ ዱልዱም ሆኖ ቢላ የሚስለው ዑመር ጋ ከሰጠሁት ሳምንት አለፈው። እስካሁን አልሳለልኝም።»

መጥረቢያው ካልተሳለ ቆጡ አይሠራም፤ ቆጡ ካልተሠራ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ፔጆዋ አትወጣም፤ ፔጆዋ ካልወጣች ፊልም የለም።

ዑመር ደግሞ የመሳያ ድንጋዩ አጠገብ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «ድንጋዩን የሚያዞረው ጠፍር ተበጠሰብኝ፣ ጋሼ። እንዲህ ያለ ወፍራም ጠፍር ያለው ጫማ ሰፊው ደጀኔ ነው።»

የደጀኔን ስም ሲሰሙ የጋሽ ቢተው እግር ከበደ። ቢሆንም ሄዱ።

ደጀኔ ከሚሰፋው ጫማ ላይ ቀና አላለም። «ጠፍር አለ» አለ። «ለእርስዎ ግን አልሰጥም። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ከአፍዎ ልስማው።»

ቃሉ ካልወጣ ጠፍሩ አይሰጥም፤ ጠፍሩ ካልተሰጠ ድንጋዩ አይዞርም፤ ድንጋዩ ካልዞረ መጥረቢያው አይሳልም፤ መጥረቢያው ካልተሳለ ቆጡ አይሠራም፤ ቆጡ ካልተሠራ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ፔጆዋ አትወጣም፤ ፔጆዋ ካልወጣች ፊልም የለም።

ጋሽ ቢተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ተመልሰው ሊሄዱም አስበው ነበር። ኋላ ግን ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ባለቤትህ ምጥ ይዟት፣ በዚያ ዝናብ እጅህን ዘርግተህ ታክሲዬን እንዳቆም ለመንከኝ» አሉ። «አይቼሃለሁ። ወንበሬ ይበላሻል ብዬ አለፍኩ። ሰው ሞልቶብኝ ነው ስል ኖርኩ እንጂ ባዶዬን ነበርኩ። ልጅህ መንገድ ዳር ተወለደች። ይቅር በለኝ።»

ደጀኔ መርፌውን አስቀመጠ።

«እናትም ልጅም በደህና ወጥተውልኛል» አለ። «ያናደደኝ ማለፍዎ ብቻ አይደለም። ሰው ሞልቶብኝ ነው ሲሉ መስማቴ ነው። እኔ ባዶ ወንበሮቹን አይቼ ነበር።» «ይቅር ለእግዜር» አለና ተነሥቶ ጠፍሩን ከምስማሩ ላይ አወረደ።

ቃሉ ወጣ፣ ጠፍሩ ተሰጠ። ጠፍሩ ተሰጠ፣ ድንጋዩ ዞረ። ድንጋዩ ዞረ፣ መጥረቢያው ተሳለ። መጥረቢያው ተሳለ፣ ኢብሳ ረቡዕን ሙሉ ሲጠርብ ውሎ ቆጡ ተሠራ። ቆጡ ተሠራ፣ ወይዘሮ ነፊሳ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አቅፈው ወሰዷት። ዶሮዋ ተነሳች፣ ሐሙስ ጧት ፔጆዋ ወጣች።

ጋሽ ቢተው አቧራዋን ጠርገው፣ መሪዋን ጨብጠው ቁልቁለቱን በዝግታ ወረዱ። ሰው ሱቁን ትቶ ወጥቶ ያያል። ካሜራው አጠገብ ሲደርሱ ህሊና እጇን አነሳች።

«ጥሩ ነበር፣ ጋሼ። ግን ፀሐይዋ ተሸፍናብን ነበር፤ ይድገሙልን።»

ደገሙ። በሁለተኛው አህያ ገባች። በሦስተኛው ተዋናዩ ሳቀ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ወረዱ።

«አደከምንዎ» አለች ህሊና መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብላ። «በሚቀጥለው ወርም ሌላ ቀረጻ አለን፤ ያውሱናል?»

«አውሳለሁ» አሉ ጋሽ ቢተው። «አሁን ግን ይቺ ስድስተኛዋ ትንሽ ፈጠነች መሰለኝ። እንድገማት?»

ህሊና ስቃ እጇን አወዛወዘች፤ እሳቸውም ዳገቱን ወጡ።

የእኔ ወሬ እዚህ ቆመ፤ ፔጆዋ ግን ገና ትሄዳለች።