ጅቡን የቀረጸው ሰው

በወጣትነቴ ለአቶ ደምመላሽ ፊልም እቀርጽ ነበር። የማድረው ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ስለነበር፣ ከሥራ መባረር ማለት ጎዳና መውጣት ነበር።

ፊልሙ ብቻውን ጫካ ገብቶ በገዛ ካሜራው ሲቀርጽ ጅብ ስለበላው ሰው ነው። ካሜራው ኋላ ወድቆ ይገኛል፤ ተመልካቹ የሚያየውም በውስጡ የተገኘውን ነው። ጅቡ የጅብ ቆዳ የለበሰ የሰፈር ውሻ ነው። እኔም ሰውየውን ሆኜ፣ ካሜራውን ታቅፌ፣ እያለከለክሁ ከፊቱ ሮጥኩ።

አቶ ደምመላሽ የቀረጽኩትን አይተው ጮኹ፦ «ምን ያንቀጠቅጥሃል? ሰውየውና ጅቡ ከሩቅ፣ አንድ ላይ፣ ጥርት ብለው ይታዩ! እምቢ ካልክ ጓዝህን ይዘህ ውጣ!»

«እቀርጻለሁ፣ ጋሼ። ግን ሰውየው ብቻውን ነበር ብለናል። ተመልካቹ ጅቡን ትቶ፣ ድንጋይ እንኳ ሳይወረውር ቆሞ የሚቀርጸውን ሌላ ሰው ነው የሚረግመው።»

የውሻውን ቆዳ አስተካከሉና፣ «በል ሩጥ» አሉኝ።