ቅዳሜ ጋን የሚደፋበት መንደር

ይህን ከአባቴ ወገን አዛውንቶች የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ከስሙም ከዘመኑም ጥቂት ላሳስት እችላለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያስታውስ ቢኖር ያርመኝ።

በደጋው ገደል ሥር ባለችው በግራር ውሃ መንደር ዛሬም ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴቶቹ ውሃ የያዘ ዕቃ ሁሉ፣ የዶሮ ማጠጫው እንኳ ሳይቀር፣ ደጅ አውጥተው ይደፋሉ። ትናንት የተቀዳ ቢሆንም አይምሩትም። እንግዳ ሰው ብክነት ይመስለዋል።

እንደሚነገረው የመንደሩ አባቶች ደገኞች ነበሩ፤ መሬት ቢጠባቸው ወደ ቆላ ወረዱ። ሲወርዱም ልማዳቸውን ይዘው ወረዱ፤ ይኸውም ከደብራቸው ምንጭ ጠበል ቀድቶ በጋን ደጃፍ ላይ ማቆም ነው። ጠበል መድፋት ነውር ስለሆነ ሲጎድል ይጨመርበታል እንጂ ጋኑ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በደጋው ብርድ ይህ ጉዳት አልነበረውም። በቆላው ግን ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲረግፍ ንዳድ የሚሉት በሽታ ገባ፤ ሰው በታመመ ቁጥርም ጠበሉ ይጨመር ነበር።

አንጓች የምትባል ሴት ባሏንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን በዚሁ ንዳድ ቀበረች ይባላል። የቀረቻት ስንዱ የምትባል ሴት ልጅ ነበረች፤ እሷም በጥቅምት ተንቀጥቅጣ ወደቀች። አንጓች ከማስታመም ብዛት ማልቀሱም ሰልችቷት ነበር። ጠበል ልትቀዳ ጋኑ ላይ ስታጎነብስ እንደ ቅንድብ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች ውሃው ውስጥ ሲተጣጠፉ አየች። ጥላዋ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ቆይተው አየር ሊስቡ ይመለሱና ውሃው ፊት ላይ ይጋደማሉ። ጎረቤቷን ብትጠራት «እሰይ በይ እንጂ፣ በሽታው ከልጅሽ ወጥቶ ውሃው ውስጥ መግባቱ ነው» አለቻት።

አንጓች ልታምናት ፈለገች። የወጣው በሽታ ወደ ልጇ እንዳይመለስ ብላም የጋኑን አፍ በነጠላዋ አስራ አደረች። በማግስቱ ብትፈታው ከነጠላው ሥር ተለጥፈው ያደሩ ቢምቢዎች ፊቷ ላይ ግር ብለው ወጡ። የቆላ ሰዎች ንዳድ ያመጣሉ የሚሏቸው፣ ልጆቿንም ሲነክሱ የኖሩት ቢምቢዎች ከሩቅ የመጡ ሳይሆኑ ከገዛ ደጃፏ የተፈለፈሉ መሆናቸው ያን ጊዜ ገባት። ጋኑን በትከሻዋ ገፍታ ደፋችው።

ጎረቤቷ ጮኸች፤ ሽማግሎችም ተሰበሰቡ። ንስሐ ካልገባች ልጇ ብትሞት ቀባሪ እንደማታገኝ ተነገራት። የመንደሩ ቄስ አባ ኪሮስ ራሳቸው ንዳድ ይዟቸው ጋቢ ተከናንበው መጡ።

«ምነው አንጓች፣ ጠበል ይደፋል እንዴ?»

«አባ፣ ሦስት ቀብሬ ምን ቀረኝ ብዬ እፈራለሁ? የእርስዎንም ጋን ሸፍነው ይደሩና ጠዋት ይግለጡት። ንጹሕ ከሆነ ልጄን አዝዬ ከመንደሩ እወጣለሁ።»

ቄሱ እንዳለችው አደረጉ። ጠዋት ሕዝቡ ባለበት ሲገልጡት ቢምቢው እንደ ገለባ ተነሣ። አባ ኪሮስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጋረዱ። ኋላም «ጠበልማ ወራጅ ነው፤ ያቆምነው እኛ ነን» ብለው የራሳቸውን ጋን በእጃቸው ደፉ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ጠበል የፈለገ ገደሉን ወጥቶ ከምንጩ ይጠጣል፤ «ውሃ ሳምንት ከቆመ ክንፍ ያወጣል» የሚለው አነጋገርም የመጣው ከዚያ ነው።

ስንዱ ዳነች የሚሉ አሉ። እኔ የሰማሁት በዚያው ሳምንት መሞቷንና መንደሩ አንድ ሰው ሳይቀር ወጥቶ መቅበሩን ነው፤ ጋን መድፋት ላልታመመው እንጂ ለታመመው አይደርስም። አንጓች ቀሪ ዘመኗን ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጅ ደጅ እየዞረች የሰው ጋን ስትደፋ ኖረች ይላሉ። ማንም «ተይ» አላላትም።

ዛሬ ጋኑ ጠፍቶ ጀሪካን ገብቷል፤ እሱም ቅዳሜ ይደፋል። በርበሬ ልትሸጥ ወደ ገበያችን የመጣችን አንዲት የመንደሩን ሴት ስጠይቃት ግን ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ እንደተተከለላቸው፣ ክዳኑንም ንፋስ እንደወሰደው ነገረችኝ።

«ጀሪካኑንስ እንደፋለን አባባ፤ ሮቶውን ማን ችሎ ይገለብጠዋል?» አለች።

ያዘለችው ሕፃን ራሱን ጀርባዋ ላይ ጥሎ ተኝቶ ነበር። ግንባሩ ይተኩስ እንደሆነ ልዳስስ እጄን ዘረጋሁና ማወቁን ፈርቼ መለስኩት። ያ ቀን የኅዳር ሚካኤል ገበያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከግራር ውሃ የመጣ ሰው አላገኘሁም።