ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

አንድ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሰው ሳይሞት ጥሩምባ ነፋ። ጥፋቱ ይህ ነው። የተቀረው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሰውየው ደግፌ ይባላል። የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ በአንዱ ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ላይ መስጊድ፣ በመሐል ገበያ። ደወል ሲደወል ግማሹ ሰው ይነሣል፤ አዛን ሲሰማ ሌላው ግማሽ ይነሣል። ለሁለቱም የማይነሡም ነበሩ፤ "እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም" እያሉ በረንዳቸው ላይ የሚቀመጡ ለዘብተኞች፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ከቤቱ የሚያወጣ ድምፅ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የደግፌ ጥሩምባ ነው።

የዕድሩ ደንብ አጭር ነው፤ ጥሩምባው ለሞት ብቻ ይነፋል። ለስብሰባ አይነፋም፤ ለሠርግ አይነፋም፤ ባለሥልጣን መጣ ተብሎ አይነፋም። ስለዚህ ማልዶ የተሰማ እንደሆነ "ምን ሆነ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች፤ ወንዱ አካፋውን ያነሣል። "ማን?" ብለው ብቻ ይጠይቃሉ፤ እሱንም የሚጠይቁት እየሄዱ ነው።

ደግፌ ብዙ አያወራም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከአፉ የተሰማው "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" እና የሟች ስም ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። የገበያው ቀልደኛ ደግሞ "ደግፌ በስምህ ከጠራህ አልቆልሃል፤ በቁምህስ ሰላም አይልህም" ይላል። ደግፌ ይሰማል፤ አይመልስም።

ዝምታው ከልጅነቱ አብሮት ያደገ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተችበት። ለከተማዋ እንግዶች ነበሩ፤ እሷ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፣ እሱ ዕቃ ይሸከማል። ልጁ ጎረቤት አንኳኳ። "የየትኛው ዕድር ናችሁ?" አሉት። የየትኛውም አልነበሩም። እስከ ቀትር ሲያንኳኳ ቆይቶ ተመለሰና የተከራዩዋትን ጎጆ በር ነቀለ። እናቱን በነጠላዋ ጠቅልሎ በሩ ላይ አስተኛት። በር ግን ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን ጫፍ ይዞ እየጎተተ ጥቂት ሄደና መንገድ ዳር ቆመ። ሰዎች አለፉ፤ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ።

ከሰል ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ወጣት ጆንያውን አወረደ። ኑርዬ ይባላል። ሙስሊም ነው፤ ሴትየዋን አያውቃትም። "በእግሯ በኩል ልያዝ" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሁለቱ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን አደረሷት። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርስ ኑርዬ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀ፤ ሲጠሩት ገብቶ ቆፈረ። ሲመለሱ የከሰሉ ጆንያ ተሰርቆ ነበር።

ዕድሩ የተቋቋመው ከዓመታት በኋላ በእነዚህ ሁለት ሰዎች ውትወታ ነው። "ሃይማኖቱና የመጣበት አገር አይጠየቅም" ተብሎ በመጀመሪያው ገጽ ተጻፈ። ጥሩምባውን ገዝቶ ለደግፌ የሰጠው ኑርዬ ነው። ሲሰጠውም "በር ከመንቀል ይሻላል" አለው። የበሩን ነገር ከሁለቱ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም።

ታዲያ አንድ ዓመት ምርጫ ደረሰ። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር አንድ እጩም ወደዚያች ከተማ መጣ።

ስሙ ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ የሚሄድ ሰው ነበር። ዓርብ ከመስጊዱ ደጅ ቆሞ የሽማግሌዎቹን እጅ በሁለት እጁ እየያዘ "ዱዓችሁ አይለየኝ" አለ። እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን አስቀደሰ። ለምእመናኑ ሁሉ "ፈጣሪውን የማይፈራ መሪ አገር ያጠፋል" አላቸው። በማግሥቱ ከለዘብተኞቹ ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጠና "ሃይማኖትን ከመንግሥት ቤት ካላወጣን ሰላም የለንም፤ እኔ ጩኸት ሰልችቶኛል" አለ። እነሱም ሰልችቷቸው ስለነበር ወደዱት። ሁሉም በየፊናው "ይህ የእኛ ሰው ነው" አለ። ሁለቱን ቃል አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ አልነበረም፤ ሰዎቹ አንድ ላይ ሆነው ሰምተውት አያውቁማ። አንድ ላይ የሚቆሙት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው።

እጩው ይህን ደረሰበት። የዕድሩን ዳኛ አቶ ይመርን አስከትሎ ወደ ደግፌ ቤት ሄደ።

ወንበር ቢቀርብለት እምቢ ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ስለ ምርጫ አላነሣም። "ጋሼ፣ ይህን ሥራ እንዴት ያዙት?" ብሎ ጠየቀ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ደግፌን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።  ደግፌ ራሱም ሳያስበው ተናገረ፤ ልብስ አጠባውን፣ ጎረቤቶቹን፣ በሩን፣ ጆንያውን። እጩው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲያበቃ እጁን ያዘና ብዙ ቆየ።

"ደወሉ ግማሹን ይጠራል፤ አዛኑም ግማሹን" አለ ቀስ ብሎ። "ሁሉንም የሚጠራው የእርስዎ ጥሩምባ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይንፉልኝ።"

"ማን ሞተ?" አለ ደግፌ።

አቶ ይመር ሳቀ። እጩው አልሳቀም። "ጥላቻ ሞቷል ብለው ይንፉ። ከዚህ የሚበልጥ ሞት አለ?"

"እኔ የምጠራው የሰው ስም ነው" አለ ደግፌ።

አቶ ይመር ገባበት። እጩው ለዕድሩ አዲስ ድንኳንና የመሰብሰቢያ አዳራሽ ቃል መግባቱን፣ አንዲት ቀን ብቻ መሆኗን፣ ጥሩምባ ደግሞ ቢነፋ የማያልቅ ነገር መሆኑን ደረደረለት። ደግፌን ያሸነፈው ድንኳኑ አይደለም። ሆዱን የገለጠለትን ሰው እምቢ ማለት ከበደው። ሰውየው የሚያስፈልገውን ወስዶ መጨረሱን አላወቀም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ። ደግፌ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" አለና ስሙ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። የሚጠራው ስም አልነበረውም።

ከተማው ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ባሏ ሆስፒታል የተኛባት አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች ከፊት ትሮጥ ነበር። የዕድሩ ሰዎች "ወደ ሜዳው" እያሉ መሯቸው። ሜዳው ላይ መድረክ ተሠርቷል፤ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል፤ የእጩው ፎቶ ተሰቅሏል። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወንዶቹ አካፋቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ጠፋቸው። ሴትየዋን ባሏ አለመሞቱን ለማሳመን ሦስት ሰው ያዛት።

እጩው ይቅርታ ጠየቀ፤ አጠያየቁም ያምር ነበር። ለዚህ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ወይም በበረንዳው ያለውን መድገም አልቻለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ቆመው ነበርና። ስለዚህ ስለ እናቱ ተናገረ።

"እናቴ ስትሞት ዕድር አልነበረንም" አለ። "የቤታችንን በር ነቅዬ በሩ ላይ አስተኛኋት። በእግሯ በኩል የያዘልኝ አንድ ሙስሊም ወንድሜ ነው።"

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለቀሰ። ለዘብተኞቹ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ደግፌ ጥሩምባውን ይዞ መድረኩ ጥግ ቆሞ ነበር።   ከሕዝቡ መሐል በትሩን የተደገፈው ሽማግሌ ኑርዬ ወደ እሱ እየተመለከተ ነበር።

ሲበተኑ ኑርዬ ቀረበው። "በእግሯ በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ" አለ። "በራስጌዋ የነበረውንም ልጅ አውቀዋለሁ። ይህ ሰውዬ ግን የቱ ጋ ነበር?"

ደግፌ ጥሩምባውን ከጋቢው ሥር ከተተው።

"ለምን ዝም አልክ?" አለው ኑርዬ።

"ጥሩምባው በእጄ ነበር" አለ ደግፌ። "የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ልናገር?"

ኑርዬ ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲህ እኔ ስሞት ስሜን አጥርተህ ጥራ" ብሎት ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደግፌ ገበያ ሲወጣ "ዛሬስ ማን ነው የሚወዳደረው?" ይሉታል። ባሏ ሆስፒታል የነበረችው ሴት መንገድ ቀየረችበት። ድንኳኑ አልመጣም፤ አዳራሹም አልተጀመረም።

አንድ ወር ሳይሞላ እጩው በትልቁ ከተማ የመጨረሻውን ሰልፍ ጠራ። አውቶቡሶች መጥተው ከእያንዳንዱ ወገን የቻሉትን ያህል ጫኑ፤ ከመስጊዱም፣ ከቤተ ክርስቲያኑም፣ ከበረንዳውም። አቶ ይመር ከሁሉም ፊት ተቀመጠ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በኪሱ ነበር።

ኑርዬ የሞተው በዚያ ጠዋት ነው።

የሙስሊም ቀብር አይቆይም። ደግፌ ወጥቶ ነፋ። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ኑርዬ ዐረፈ" ብሎ አጥርቶ ጠራ። ማንም አልወጣም። በሁለተኛው መንገድ ነፋ። አንድ መስኮት ተከፈተና "ዛሬስ ለማን ልናጨበጭብ ነው?" የሚል ድምፅ መጣ፤ መስኮቱ ተዘጋ። ስሙን ሰምተዋል፤ ስሙንም እንደ አዲስ ዘዴ ቆጠሩት። ደግፌ ጥሩምባውን አስቀምጦ በየደጁ ማንኳኳት ጀመረ። ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ያንኳኳው ግን እንደዚያ ልጅ ነው። ብዙው ቤት ባዶ ነበር። ከቀሩትም አንዳንዱ "እመጣለሁ" አለ፤ አልመጣም።

ቃሬዛው ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። ደግፌ ቤቱ ተመልሶ የራሱን በር ነቀለ።

ሁለት አረጋውያን ሬሳውን አጥበው ከፈኑት። በሩ ላይ አስተኝተው አንሥተውት ወጡ። ደግፌ በእግሩ በኩል ያዘ። ሶላቱ ሲሰገድ ገለል ብሎ ቆሞ ጠበቀ፤ ሲጠሩት ሄዶ አፈር መለሰ።

በማግሥቱ አቶ ይመር የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ፤ ሪባኑ ላይ የእጩው ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ሁሉም "የእኛ ሰው ነው" ያሉት እጩ በሙስሊም ለቅሶ ቤት ጉንጉን እንደማይቀመጥ አላወቀም፤ ማንንም አልጠየቀም። የሟቹ ልጅ እንድሪስ ጉንጉኑን አየና "ይህን የት እናድርገው?" አለ። አልተቆጣም፤ የሚያደርገው ስለጠፋው ነው።

ደግፌ ጉንጉኑን ተቀብሎ መልሶ ለአቶ ይመር አስያዘው። "ትናንት ተሸካሚ ነበር የጎደለን" አለው። "ቁልፉን ስጠኝ።"

አቶ ይመር ቁልፉን ሰጠው።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ደግፌ ተነሣ። ሰው ሁሉ ሊናገር መሆኑን አይቶ ደነገጠ። "ያ በር የእናቴ ነበር" አለ። "ታሪኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩምባውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። የኑርዬን ቀባሪ ያሳጣሁት እኔ ነኝ።" ጥሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያነሣው አልተገኘም። እጩው አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ታሪኩ አልገባውም።

ትምህርቱ ይህ ነው። ለምእመኑ አንድ፣ ለለዘብተኛው ሌላ የሚናገር ሰው የሁሉም ወዳጅ አይደለም፤ አንድ ላይ እንዳይሰሙት የሚጠነቀቅ ሰው ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ዓመታት የፈጀ መተማመን በአንድ ጠዋት የሚፈርሰው ባለቤቱ በመልካም ንግግር ተሸንፎ ለሌላ ሰው ሲያውሰው ነው። ለእምነትህ ያጎነበሰልህን ሁሉ ወገኔ አትበል፤ ቀብርህ ላይ አካፋ የሚይዘውን ቁጠር። ነገ ማልዶ ጥሩምባ ብትሰማ፣ አንተስ "ማን?" ትላለህ ወይስ መስኮትህን ትዘጋለህ?

ኑርዬን የቀበሩት አምስት ሰዎች ናቸው፦ ልጁ እንድሪስ፣ ሁለት አረጋውያን፣ ለማንም አጨብጭቦ የማያውቀው የሰፈሩ ጫማ ሰፊ፣ እና ደግፌ። ሌሎቹ ሲሄዱ መቃብሩ ላይ የቀረው ደግፌ ነው።