«አንድም» ያልተባለበት ደንብ

አንድ ጉባኤ ማሽኖች የሚታዘዙበትን አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ሊደነግግ ተቀመጠ። ሊቃውንቱ ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ። ሰዉ ግን ድንጋጌው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ የአገሩን ትልቅ ግድብ በሮች ሳይቀር በቋንቋው ይከፍትና ይዘጋ ጀመር።

በዚያ አገር አስካለ የምትባል ዓይነ አፋር ባለሙያ ነበረች። ትእዛዞች ግድቡ ከመድረሳቸው በፊት እያነበበ ትክክሉን ከስሕተቱ የሚለይ ፕሮግራም እንድትሠራ ታዘዘች። ለዚህ የቋንቋው ሰዋስው ያስፈልጋታል። ጉባኤውን ብትጠይቅ «ገና ነው» አሏት። ሌላ ቦታ ብትፈልግ ካገኘቻቸው ቅጂዎች አንዱ ያረጀ፣ ሌላው ጎዶሎ ሆነባት። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስባት ሰዎች ከጻፏቸው ትእዛዞች ደንቡን ለቃቅማ፣ የጎደለውን በግምቷ ሞልታ አስረከበች።

«ከየት አገኘሽው? ከሰማይ ወረደልሽ እንዴ!» አላት አንድ ባልደረባዋ እየሳቀ።

«ከጉባኤው ነዋ! ከየት ሊመጣ ኖሯል?» አለ ሌላው።

አስካለ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። አልዋሸችም፤ ዝም አለች እንጂ። ዝምታው ግን እያደር ከውሸት ከበዳት። «በሩን ክፈት» ብሎ እስከ መቼ እንደሆነ የማይናገረውን ትእዛዝ ፕሮግራሙ እንዲያሳልፍ ያደረገችው እርሷ ናትና፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ ጎርፍ ይወርዳል ብላ እንቅልፍ ታጣ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጉባኤው አስጠራት። ሊቃውንቱ የተጣሉት በዚያችው ነጥብ ነበር፦ ማብቂያ የሌለው ትእዛዝ ይጣል ወይስ ይፈጸም?

«ምን ያከራክረናል?» አሉ ሰብሳቢው። «አስካለ ዘንድ ያለው ደንብ ይፈጸም ይላል። ከእኛ በፊት በጉባኤው የነበሩት አስበውበት ነው። ማኅተሙን አምጡ!»

አስካለ ተነሣች። «አባቴ… ማንም አላሰበበትም። የእኔ ግምት ነው። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር።»

ሰብሳቢው ማኅተሙን መልሰው አስቀመጡ።

«ጉድ ነው! አንቺ ከእኛ የቀዳሽ መስሎን እኛ ካንቺ ልንቀዳ!» አሉ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ የጥንት መምህራን ሁለት ፍቺ ሲታያቸው ‹አንድም› እያሉ ጎን ለጎን ያኖሩ ነበር። መገመትሽስ ባልከፋ። አንዲት ‹አንድም› ነፈግሽን።»

ማብቂያ የሌለው ትእዛዝ እንዲጣል ተወሰነ። አስካለም ግምቶቿን ከደንቡ እየለየች በየጎናቸው «አንድም» ስትጽፍ ከረመች። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ፤ እርሷ ግን አልሰማችውም፤ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ደንቡ ባላለቀበት ሁሉ ሰው ይገምታል። ግምት የሚያሰጥመው ማኅተም ሲያርፍበት ነው። እኛስ፣ ሌሎች እውነት ነው ብለው የተደገፉት የትኛውን ዝምታችንን ይሆን?