የአያ ዝንጀሮ የትል መድኃኒት

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ የየራሱ ጓሮ በነበረው ጊዜ፣ ስሙን እኔም ባልሰማሁት አገር እመት ጥንቸል የምትባል የስድስት ልጆች እናት ነበረች። ክረምቱን የምታሻግራቸው በጓሮዋ ጎመን ብቻ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ጎመኑን አባጨጓሬ ወረረው። ብትለቅም ብትለቅም አላልቅ አላት። "ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?" ብላ አለቀሰች።

ይሄኔ አያ ዝንጀሮ ሆዬ አፉ የተወተፈ ቅል ይዞ ከተፍ አለ።

"እመት ጥንቸል፣ የትል መድኃኒት አለኝ። ዋጋዬ አንድ እቅፍ ጎመን ነው። ግን ዓይን ካየው ይረክሳል፤ ቤትሽ ግቢና በርሽን ዝጊ!"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ዝንጀሮ!" ብላ በሯን ዘጋች። የዋህ አይደለች!

በማግስቱ ትሉ ባሰ። ዝንጀሮ መጣ፤ "ዓይን ካየው ይረክሳል!" አለ፤ በሯን ዘጋች፤ እቅፉን ይዞ ሄደ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ዝንጀሮ ቦርጭ አወጣ፣ የጥንቸል ልጆች መነመኑ።

በአራተኛው ቀን ዶፍ ዘነበና ዝንጀሮ ቀረ። ጉድ በሉ፣ ያን ቀን አንድም አዲስ ትል አልታየ! ነገሩ ከነከናት። በአምስተኛው ቀን በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ ብታይ፣ ከቅሉ አባጨጓሬ ዱብ ዱብ! የፊተኛውም ትል የሱ ሥራ ኖሯል።

ዝንጀሮ እቅፉን ይዞ ሲሄድ፣ ጓሮዋን ዞር ዞር ብላ አየች። ትሉ ሁሉን ሲበላ ነጭ ሽንኩርቱን አልደፈረውም። "እንዲህ ነው ነገሩ!" አለችና ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጣ፣ በውሃ ዘፍዝፋ አሳደረችው። ጎህ ሲቀድ በነጠላ አጣርታ ጎመኑን ከላይም ከሥርም ረጨችው።

ዝንጀሮ መጥቶ ቅሉን አራገፈ። ትሎቹ ጎመኑን አሸተቱና ፊታቸውን አዙረው በዝንጀሮ እግር ሽቅብ ወጥተው ያሳክኩት ጀመር! እሱ ግን ማሳከኩን ረስቶ ትልቁን ቅጠል ጎረሰ።

"እፍ! እፍ! ተቃጠልኩ! ምን አደረግሽበት?"

ጥንቸል አጥሩ ላይ ወጥታ በሳቅ እየፈረሰች ጮኸች፦ "ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ነው! ያድራል፣ በነጠላ ይጣራል፣ ይረጫል! ዝናብ ካጠበው ይደገማል! ሲበላ በደንብ ይታጠባል! ጎረቤት ሁሉ ስሙ!"

ሚዳቋ ለጃርት፣ ጃርት ለድኩላ ነገረ። ዝንጀሮ ቅሉን ጥሎ፣ እያከከ ወደ ገደሉ ፈረጠጠ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር በር የሚዘጋለት አላገኘም። የጥንቸል ልጆችም ጎመናቸውን እስኪጠግቡ በልተው ጨፈሩ።

ልጆቼ፣ እኔ በዚህ አበቃሁ፤ እናንተ ቃሉን ያዙ፦

መድኃኒቱን ከማጀቷ ያላየች፣
ጎመኗን ለዝንጀሮ መግባ ተራበች።