ለሕያው የተነፋ ጡሩምባ

አንድ ጡሩምባ ነፊ ነበረ። የእድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ ኮረብታው ላይ ይወጣል፤ ይነፋና የሟቹን ስም ጠርቶ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ከዚህ በቀር ሌላ ወሬ ነግሮ አያውቅም፤ ሌላ ንገረን ያለውም የለም።

አጸደ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። የሰፈራችንን ወሬ፣ የሚመጣውን ጉዳይ፣ የድሮውንም ታሪክ እየጻፍሽ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ልትለጥፊ አሰብሽ። ጎረቤቶችሽ ደግሞ «ሁላችንም የምናውቀውን መልሶ መንገር ምን ይረባል?» ብለው ሳቁብሽ። አንቺም እውነታቸውን ይሆን እንዴ ብለሽ ፊትሽን አጥቁረሽ መጣሽ። ቆዪ፣ መጀመሪያ ሰውየውን ልጨርስልሽ።

ጡሩምባ ነፊው በሚኖርበት አገር አንድ ገበሬ ነበረ። ኅዳር ላይ ጤፉ ደርሶ ሳለ ወባ ጣለው። ሚስቱ አራስ ናት፤ ወንድም የለው፣ ለሥራ የደረሰ ልጅ የለው። ጤፍ ደግሞ ከደረሰ በኋላ አይታገሥም፤ ዝናብ ካገኘው ይተኛል፣ ነፋስ ካገኘው ይረግፋል። ያ ጤፍ ከጠፋ ገበሬው በሬዎቹን ሸጦ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከአገር ከመሰደድ በቀር መንገድ አልነበረውም።

የገበሬውን መታመም ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ልብ በይ። ገበያ ላይ ተወርቷል፣ ወንዝ ዳር ተወርቷል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡም ሁሉም ከንፈሩን መጥጧል። ግን ጊዜው መከር ነው፤ እያንዳንዱን የራሱ አዝመራ ወጥሮታል። እኔ ባልሄድ ሌላው ይሄድለታል ይላል። ደግሞስ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ምን ሊያጭድ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሃምሳውን ሰው ማን እንደሚጠራው ግን የሚናገር የለም።

አንድ ማለዳ ጡሩምባ ነፊው ቀና ብሎ ቢያይ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። ንዴት ያዘው። በዚያ አገር ሰው በሞተ ቀን ማንም ሥራ አይወጣም፤ ማጭድ ይሰቀላል፣ ቀኑ የሟቹ ነው። እንግዲህ ይህ ገበሬ ቢሞት አገሩ ሁሉ ሙሉ ቀን ሊሰጠው ነው። በሕይወት ስላለ ግን ግማሽ ቀን አጣ። ጡሩምባ ነፊው ይህን ሲያስብ ቆየና ጡሩምባውን አንስቶ ኮረብታው ላይ ወጣ። ነፋ። የገበሬውንም ስም ጠርቶ ወደ ቤቱ ውጡ አለ። ሞተ አላለም፤ ሰውየው ውሸት አይወድም። ግን ጡሩምባ ከሰማ በኋላ ቃሉን የሚያጣራ ማን አለ?

አገሩ ነቅሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዶማና ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ባለፈው ሳምንት በደጁ ስታልፍ ጎራ ለማለት ጊዜ ያጣችው አልቃሽ ገና ከበሩ ሳትደርስ ደግነቱን እየዘረዘረች ሙሾውን አወረደችው። ገበሬው ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መቃኑን ተደግፎ ብቅ አለ።

«ማን ሞተብን?» አለ።

የእድሩ ዳኛ ደሙ ፈላ። በሕያው ሰው ላይ ጡሩምባ መንፋት ሟርት ነው፤ ጡሩምባው ከአባቶቻችን ጀምሮ የሞት ነው፤ ይህ ሰው ከእድር ይባረር አለ። ከእድር መባረር ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ሕዝቡም ይባረር እያለ አጉረመረመ። ጡሩምባ ነፊው አልተከራከረም። እጁን ወደ ጤፉ ዘርግቶ እንዲህ አላቸው፦

«ይህን ቀን ለቀብሩ ብላችሁ ይዛችሁት መጥታችኋል። ለእሱ የመጣ ቀን ነውና ለእሱ ስጡት። እኔን ማታ ታባርሩኛላችሁ።»

በዚህ መሐል ከአገሩ ሰው ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት አሮጊት ወደ ፊት ወጣች። ይህን ጡሩምባ በመጀመሪያ ይነፋ የነበረው አባቷ እንደሆነ ነገረቻቸው። አውድማ ሲቃጠል ይነፋ ነበር፤ ወንዝ ሲሞላ፣ አንበጣ ሲመጣ ይነፋ ነበር። ኋላ ክፉ በሽታ ገባና ከሞት በቀር የሚነገር ነገር ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ጡሩምባው የሞት ብቻ መሰላቸው።

«የአባቶቻችን ሥርዓት ትላለህ» አለችው ዳኛውን። «እኔ አባቴን አውቀዋለሁ።»

ዳኛውም፣ እግዜር ይስጠው፣ ኩራቱን ዋጠና ሚስቱን ማጭዴን አምጪልኝ አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ማጭድ ያለው አጨደ፤ የሌለው ነዶ አሰረ፤ ማሰር ያቃተው ተሸከመ። አልቃሽዋ በዚያው ድምፅዋ የአጨዳ ዘፈን አወጣች፤ ወንዶቹም እየተቀበሏት ማሳውን እንደ ጸጉር ላጩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤፉ ተከምሮ አለቀ። ገበሬው ክምሩን ካላየሁ ብሎ አስቸገረ። በእግሩ መሄድ ስላልቻለ ቃሬዛው ላይ አስቀምጠው፣ በሆታና በእልልታ ተሸክመው ወሰዱት። ያ ቃሬዛ ቁጭ ብሎ የሚስቅ ሰው ሲሸከም ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ማባረሩን ያነሳ ሰው አልነበረም። እንዲያውም በማግስቱ ንፋ ብሎ የላከው ዳኛው ራሱ ነው። በጡሩምባው እየተጠራሩ ከማሳ ወደ ማሳ፣ አሮጊቷም ዘንድ፣ ዳኛውም ዘንድ በየተራ አጨዱ። በመጨረሻ ዝናቡ ወረደ፤ በዚያ አገር ግን የቆመ ጤፍ አላገኘም።

እንግዲህ አጸደ፣ ጎረቤቶችሽ እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ያውቃል። የዚያም አገር ሰው ያውቅ ነበር። ለየብቻ ማወቅ ከንፈር ያስመጥጣል፤ ማጭድ የሚያስይዘው ግን አብሮ መስማት ነው። ሰሌዳሽም እንዲሁ ነው። የሚመጣውን ሳይመጣ ንገሪን። የድሮውንም ጻፊ፤ አሮጊቷ ባትናገር ኖሮ ያን ሰው አባርረውት፣ ጤፉንም ዝናብ ወስዶት ነበር።

አሁን ሂጂና ጀምሪ። የእትዬ ጥሩዓየር ጣሪያ ይህን ክረምት አይሻገርም፤ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሰፈሩም ያውቃል። እሑድ ጠዋት ይጠገናል ብለሽ በትልቁ ጻፊ። ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮ፣ ምስማር ያለው ምስማር ይዞ ይምጣ። መሰላሉን እኔ እይዛለሁ።