«ተነሱ!» ይሉ የነበሩት መምህር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ከትልቁ ዋርካ ሥር ዩኒቨርሲቲ ከፍተው ይማሩ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያውን ዓመት ባስታወሰች ቁጥር ሆዷ ይባባል። አይ ጊዜ! ያኔ የሚያስተምሯቸው ሽማግሌው መምህር አንበሳ ነበሩ። ትምህርቱ ረዝሞ የተማሪው ዐይን መስለምለም ሲጀምር፣ ንግግራቸውን አቋርጠው «ተነሱ!» ብለው ያገሳሉ። ታዲያ ማን ቁጭ ይላል? ቀበሮ ትዘላለች፣ ጦጣ ቅርንጫፍ ላይ ትወዛወዛለች፣ አህያ አቧራው ላይ ትንከባለላለች። መምህሩም ወገባቸውን ለጥጠው አብረው ይንጠራራሉ። ጥቂት ተፍታትተው ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ።

«ልጆቼ፣ ተቀምጦ የዋለ እግር ለባለቤቱ አይታዘዝም» ይሏቸው ነበር። አህያ ግን መንከባለሉን እንጂ ምክሩን መች ልብ አለችው!

መምህር አንበሳ አርጅተው ወደ ትውልድ ዋሻቸው ሲሄዱ ዋርካው ጭር አለ። በእሳቸው ቦታ አያ ጅቦ ከወንዝ ማዶ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እሱም ገና ከመድረሱ «ታላቅ መምህር ነኝ፤ ቁርበት አንጥፉልኝ!» አለ። የኋላ ታሪኩን የሚያውቅ አልነበረምና ተነጠፈለት።

ቁርበቱ ላይ ተዘርፍጦም «ከእንግዲህ በትምህርት መሃል መነሳት፣ መዝለል፣ መንከባለል ብሎ ነገር የለም! ቁጭ በሉ!» ብሎ አዘዘ። ተማሪዎቹም ከጠዋት እስከ ማታ ተጎልተው መዋል ጀመሩ።

ሰነባብቶ ቀበሮ ወደ አህያ ጠጋ አለች።

«እመት አህያ፣ ጉድሽን ልንገርሽ። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ‹እግሯ ደንዝዟል፤ ነገ ሌሎቹን አሰናብቼ አህያዋን እበላለሁ› ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ለማን ነው የሚለው?»

«ለራሱ ነዋ! ጅብ ሲርበው ምስጢር ያውቃል?»

አህያ ክው አለች። «ወይኔ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እኔ ደግሞ እሱም የለኝ! እንዳልሮጥ ጉልበቴ የራሴ አልመስል ብሎኛል።» ያኔ የመምህር አንበሳ ምክር ትዝ አላትና ናፍቆታቸው አንጀቷን በላው። «ምነው አሁን ‹ተነሱ!› የሚለኝ ባገኝ!»

ቀበሮ ጠቀሰቻት። «ዐይኑን እኔ አስጨፍንልሻለሁ፤ አንቺ እሳቸው ያስተማሩንን ሥሪ።»

በማግስቱ ቀበሮ አያ ጅቦ ፊት እጅ ነሳች። «መምህር፣ እንደ እርስዎ ያለ ታላቅ በአንድ ቁርበት ሲቀመጥ ነውር ነው፤ ይደረብልዎ። እስቲ ደግሞ የዘር ሐረግዎን ይቁጠሩልን።»

አያ ጅቦ በደስታ የሚሆነው ጠፋው። እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ «ጅቦ የጅቦ ልጅ፣ ጅቦ የጅቦ ልጅ...» ማለት ጀመረ። ቆጠራው ሲጠፋበት ከመጀመሪያው ይጀምራል። አህያ ቀስ ብላ ተነሳች። ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ወገቧን ለጠጠች፤ ጆሮዋን አራገፈች። መጀመሪያ እግሯን ወረራት፣ ቀጥሎ ሞቃት፣ ከዚያ እግሯ ታዘዘላት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ዐይኑን ገለጠ። «ትምህርቱ አበቃ! አህያ ትቅር፣ ሌላው ይሂድ!» ብሎ ተወረወረባት። ተወረወረ ልበል እንጂ፣ የት ተነስቶ! እግሮቹ ደንዝዘው በአፍጢሙ ተደፋ።

«እግሬን! እግሬን ማን ወሰደው?» ብሎ ጮኸ።

«ማንም አልወሰደው፤ ተቀምጦ የዋለ እግር ለባለቤቱ አይታዘዝም!» አለች አህያ። ዞር ብላም በኋላ እግሮቿ ረግጣ ጥርሱን አረገፈችው። አያ ጅቦ እየተጎተተ ወንዙን ተሻገረ፤ ቁርበቱንም ዞሮ አላየው።

በሌላው ቀን ተማሪዎቹ ከዋርካው ሥር ተሰብስበው እርስ በርስ ሲማማሩ፣ እንደ ድሮው ዐይናቸው መስለምለም ጀመረ። ሁሉም መምህር አንበሳ ይንጠራሩበት ወደ ነበረው ቦታ ተመለከቱ። ቦታው ባዶ ነው። አህያ እንባዋ ግጥም አለ፤ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ «ተነሱ!» ብላ አናፋች። ማናፋቷ እንደ እሳቸው ግሳት አላማረም፤ ቢሆንም ሁሉም ብድግ አሉ። እሷም ድሮ ትንከባለልበት በነበረው አቧራ ላይ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ተንከባለለች።

ከዚህ የምንማረው፣ በትምህርት መሃል ብድግ ብሎ መፍታታት ሥራ መፍታት እንዳልሆነና፣ የደግ መምህር ምክርም ዋጋው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ እሱ ከሄደ በኋላ መሆኑን ነው።